ሁለት ጊዜ የተቀመጠበት ወንበር

ጆሮ ስጡኝ። ዛሬ የማወራችሁ አንድ ወንበር ላይ ሁለት ጊዜ ስለ ተቀመጠ ሰው ነው። ወንበሩ የቬትናም ኮሚኒስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ወንበር ነው። መጀመሪያ ሲቀመጥበት የ34 ዓመት ጎልማሳ፣ የፈረንሳይ ፖሊስ የሚያድነው ህቡዕ ሰው ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀመጥበት 79 ዓመቱ። በመካከሉ 45 ዓመት አለ። ከወንበሩ ያስነሳው የገበሬ ጉዳይ ነበር፤ ሲመለስም ዋናው የቤት ሥራው ያው የገበሬ ጉዳይ ሆኖ ጠበቀው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ አገሩ የሚቆጥረው እንደዚያ ነዋ።

እናት አባቱ ያወጡለት ስም ዳንግ ሱዋን ኩ ነው። ታሪክ የያዘው ግን የትግል ስሙን ነው፦ ትሩኦንግ ቺን። የማኦ ሠራዊት በቻይና ተራራና ወንዝ አቋርጦ የተጓዘውን ረጅሙን ጉዞ ወስዶ ለራሱ ስም አደረገው። እኛ አገር ሆ ቺ ሚንን የማያውቅ የለም፤ የስድሳዎቹ ተማሪዎች በዘፈን ሳይቀር አንስተዋቸዋል። ፈረንሳይን ዲየን ቢየን ፉ ላይ ያንበረከከውን ጄኔራል ጂያፕንም ወታደር የነበሩ አባቶቻችን ያውቁታል። ይህን ሦስተኛውን ሰው ግን ስንቶቻችን ሰምተነዋል? እሱ የጦር ሜዳ ሰው አልነበረም። የወረቀት ሰው ነበር። ወረቀት ደግሞ ስንቱን እንደሚገድልና ስንቱን እንደሚያድን በዚህ ሰው ሕይወት ታያላችሁ።

የተወለደው በ1907 በቀዩ ወንዝ ደለል ምድር፣ በናም ዲን ክፍለ ሀገር፣ ሃን ቲየን በምትባል መንደር ነው። ሃን ቲየን የሊቃውንት መንደር ናት፤ የንጉሡን ፈተና አልፈው ሹመት ያገኙ ልጆቿን እየቆጠረች የምትኮራ። አያቱ ዳንግ ሱዋን ባንግ ትልቁን ፈተና አልፈው እስከ አገረ ገዥነት የደረሱ፣ መጽሐፍ የጻፉ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ልጁ ያደገው ብራናና ቀለም በከበረበት ቤት ነው። ሞፈርና ቀንበር የሚያውቀው በሩቁ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

በ1925 ፋን ቦይ ቻው የሚባሉትን አዛውንት አርበኛ ፈረንሳዮች ሻንግሃይ ላይ አፍነው ወደ ሃኖይ አመጧቸውና የዕድሜ ልክ ከባድ የጉልበት ሥራ ፈረዱባቸው። አገሩ በሙሉ ምሕረት ይደረግላቸው ብሎ ተነሣ። በዓመቱ ደግሞ ሌላው አርበኛ ፋን ቹ ትሪን ሳይጎን ላይ አረፉ። ተማሪው ጥቁር ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ሐዘን ተቀመጠ፤ ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ ያዘነውን እየለቀሙ አባረሩ። ናም ዲን ላይ የትምህርት ማቆም አድማውን ከመሩት አንዱ የእኛ ሰው ነበር። ተባረረ። ሃኖይ ሄዶ ንግድ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከንግዱ ይልቅ ግን በ1927 ሆ ቺ ሚን ከቻይና ሆነው ያቋቋሙትን የወጣቶች ማኅበር መረጠ። ፓርቲው በ1930 ሲመሠረት አባል ሆነ፤ በዚያው ዓመት ተያዘና 12 ዓመት ተፈረደበት።

ሆዋ ሎ እስር ቤት፣ ከዚያ በሰሜን ምዕራብ ተራሮች መካከል ያለው ሶን ላ። የዚያን ጊዜ የቬትናም እስር ቤት እንደ ኮሌጅ ነበር ይላሉ፤ አንዱ ቋንቋ ያስተምራል፣ አንዱ ማርክስን ያነባል፣ አንዱ በስርቆሽ ጋዜጣ ያዘጋጃል። ትሩኦንግ ቺን ከአዘጋጆቹ ወገን ነበር። በ1936 ፓሪስ ላይ የሕዝባዊ ግንባር መንግሥት ሲመጣ የፖለቲካ እስረኞች ተፈቱና እሱም ስድስት ዓመት ሳይሞላው ወጣ።

እንደ ወጣ ከአንድ የታሪክ መምህር ጋር ሆኖ መጽሐፍ ጻፈ። መምህሩ ቮ ንጉየን ጂያፕ ነው፤ ያው ኋላ ጄኔራል የሆነው። መጽሐፉ የገበሬውን ጥያቄ የሚመለከት ነው። ሁለቱም በብዕር ስም ተደብቀው ግብሩን፣ የመሬት ኪራዩን፣ የአራጣውን ወለድ፣ የመንደር ሹማምንቱን ዘረፋ ዘረዘሩ። የቅኝ አስተዳደሩ ከለከለው። እኛ ጭሰኛ፣ ሲሶ አራሽ፣ እኩል አራሽ የምንለው ሁሉ በዚያ አገር አቻ አለው፤ የሩዝ ማሳ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሁለቱም ጸሐፊዎች የፊደል ልጆች ነበሩ። ገበሬውን ያጠኑት ከልብ አዝነውለት ነው፤ ይህን አልክድባቸውም። ግን ለሚጠናው ማዘንና የሚጠናውን ማወቅ ለየቅል ናቸው።

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ፈረንሳይ በሂትለር ወደቀች፣ ጃፓን ኢንዶቻይና ገባች፣ የፓርቲው መሪዎች ተለቀሙ። ያንን ወንበር አስቡት፦ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ትራን ፉ በ1931 በእስር እያለ ሞተ፣ ዕድሜው 27። ከእሱ በኋላ ከተቀመጡት ሁለቱ፣ ሃ ሁይ ታፕና ንጉየን ቫን ኩ፣ በ1941 ተረሸኑ። ሌላው ዋና ጸሐፊ ሌ ሆንግ ፎንግ በደሴት እስር ቤት አለቀ። እንዲህ ያለ ወንበር ነው በሜይ 1941 ለትሩኦንግ ቺን የተሰጠው። ስብሰባው የተደረገው በቻይና ድንበር አጠገብ፣ ፓክ ቦ በሚባል ቦታ ነው፤ ሰብሳቢው ሆ ቺ ሚን፣ ከ30 ዓመት ስደት በኋላ አገራቸው የገቡት። እዚያ ጫካ ውስጥ አንድ ትልቅ ውሳኔ ተወሰነ፦ የመሬት ለአራሹ መፈክር ለጊዜው ይቀመጥ፣ መጀመሪያ አገር ነጻ ይውጣ፣ አገሩን የሚወድ ባለመሬትም ቢሆን ከእኛ ጋር ይሰለፍ። ገበሬው ይቆይ ተባለ ማለት ነው።

ሆ ቺ ሚን በድንበሩ ተራራ ቀሩ፤ ትሩኦንግ ቺን ግን በሃኖይ አፍንጫ ሥር፣ በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች እየተደበቀ ፓርቲውን መራ። ዛሬ እዚህ ቤት፣ ነገ እዚያ ቤት። ጋዜጣ ያዘጋጃል፣ የፓርቲውን የባህል መመሪያ ይጽፋል፣ በመካከል በብዕር ስም ግጥም ይገጥማል። አብሮት የነበረው ሆዋንግ ቫን ቱ ተይዞ በ1944 ተረሸነ። እሱን ያተረፉት በር የከፈቱለት የመንደር ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ረሃቡ ገባ። ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 አጋማሽ ሰሜን ቬትናም በረሃብ አለቀች። ጃፓኖችና ፈረንሳዮች ሩዙን በግድ ይሰበስባሉ፣ ለጦርነቱ ጁት ዝሩ ብለው ማሳ ያስለቅቃሉ፣ መንገዱና ባቡሩ በቦምብ ተቆርጦ ከደቡብ እህል አይመጣም። የሞተው ስንት ነው ቢሉ ግምቱ ከመቶ ሺዎች እስከ ሁለት ሚሊዮን ይደርሳል። ማርች 9 ቀን 1945 ሌሊት ጃፓኖች ፈረንሳዮቹን ገልብጠው ትጥቅ አስፈቱ። የዚያን ሌሊት ትሩኦንግ ቺን ከሃኖይ ብዙም በማትርቅ ዲን ባንግ በምትባል መንደር ስብሰባ ላይ ነበር። ሦስት ቀን መክረው ማርች 12 መመሪያ ወጣ፤ የጻፈው እሱ ነው። ጠላት እርስ በርሱ ተባልቷል፣ ቀኑ እየመጣ ነው፣ ተዘጋጁ። ለተራበው ሕዝብ ደግሞ አንድ ጥሪ፦ የሩዝ ጎተራዎችን ስበሩ! ኮሚኒስት ምንድን ነው ብሎ የማያውቅ ገበሬ ጎተራ ስበር ያለውን ሰው አልረሳም። በኦገስት ጃፓን እጅ ስትሰጥ የብሔራዊ አመፁ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ትሩኦንግ ቺን ነበር። ሴፕቴምበር 2 ቀን ሆ ቺ ሚን ሃኖይ አደባባይ ላይ ነጻነት አወጁ።

ፈረንሳይ ግን ተመልሳ መጣች፣ መንግሥቱም ጫካ ገባ። በ1947 ትሩኦንግ ቺን ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ፤ ጦርነቱ ረጅም ይሆናል፣ መጀመሪያ እንከላከላለን፣ ከዚያ እንተካከላለን፣ መጨረሻ እናጠቃለን እያለ። ብዙ ነገሩ ከማኦ የተቀዳ ነው፤ ቢሆንም ለአገሩ ሰው በአገሩ ልክ ሰፍቶታል። ጦርነቱን እዚህ ላይ እተወዋለሁ፤ የጄኔራሉ ትረካ ነው፣ ሌላ ቀን ይወራል።

የእኛ ሰው ትረካ የሚከብደው ከ1953 ወዲህ ነው።

በፓክ ቦ ይቆይ የተባለው ገበሬ 12 ዓመት ቆየ። ስንቅና ጥይት የሚሸከመው እሱ፣ ልጁን ለጦር የሚሰጠው እሱ፣ መሬቱ ግን ገና የጌታው ነው። የቻይና አማካሪዎችም መጥተዋል፤ እኛ እንዲህ አደረግን፣ እናንተም እንዲህ አድርጉ ይላሉ። በዲሴምበር 1953 የመሬት ሥሪት ማሻሻያ ሕግ ጸደቀ፤ ዘመቻውን የሚመራው ኮሚቴ በትሩኦንግ ቺን ሥር ሆነ። ቅድመ ዝግጅቱ፣ ኪራይ የማስቀነሱ ዘመቻ፣ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። በዚያ ቅድመ ዝግጅት ነው የመጀመሪያው ጥይት የተተኮሰው፤ የተተኮሰውም በአንዲት ሴት ላይ ነው።

ንጉየን ቲ ናም ትባላለች። በሃይፎንግ ወደብ ነጋዴ የነበረች፣ በታይ ንጉየን ሰፊ መሬት የገዛች ባለጸጋ። በአብዮቱ ማግስት ለመንግሥት ወርቅ ለግሱ ሲባል ወርቋን ሰጥታለች። ልጆቿ ከነጻነት ሠራዊቱ ጋር ዘምተዋል። የፓርቲውን ትልልቅ ሰዎች በቤቷ አሳድራለች፣ አብልታለች፤ እንግዶቿ ከነበሩት መካከል ትሩኦንግ ቺን ራሱ ይቆጠራል። በጁላይ 1953 ጨቋኝ ባለመሬት ተብላ ተረሸነች። ሆ ቺ ሚን በሴት፣ ያውም በባለውለታ አንጀምር ብለው ተቃውመው ነበር የሚሉ ትዝታዎች አሉ። ተቃውሞው ከነበረም ጥይቱን አላስቀረም። እንግዲህ አንድ ሰው የበላበትን ማዕድ አስታውሶ ቢሟገት ምን ይለዋል? እኔ ይህን ሰው የማልምረው እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ሁሉ ከላይ ሆኖ አላየሁም ሊል ይችላል፤ የእሷን ቤት ግን ያውቀዋል።

ከዚያ ዘመቻው በማዕበል በማዕበል ወረደ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የካድሬ ቡድን ወደ መንደር ይገባል። ከሁሉ የደኸየውን ጎጆ ፈልጎ እዚያ ያድራል፤ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይተኛል፣ አብሮ ይሠራል። ያንን ድሃ ያነቃና በእሱ በኩል ሌላውን ድሃ ያገኛል፣ በሌላው በኩል ሦስተኛውን። መንደሩ ሲነቃ ሕዝቡ ይመደባል፦ ባለመሬት፣ ሀብታም ገበሬ፣ መካከለኛ ገበሬ፣ ድሃ ገበሬ። ቀጥሎ ሌሊት በችቦ ብርሃን የክስ መድረክ ይዘረጋል፤ የተበደለ ይናገራል፣ ያለቅሳል፣ ይጮኻል። ልዩ ፍርድ ቤት ይቀመጣል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ከመድረኩ በፊት ያለቀ ነው።

ክፋቱ የመጣው ከኮታው ነው። ከመንደሩ ሕዝብ አምስት በመቶ ያህሉ ባለመሬት መሆን አለበት የሚል ስሌት ነበር። መንደሩ ግን ስሌቱን አላነበበም! በሰሜን ቬትናም ጠባብ ማሳ ላይ ያን ያህል ጌታ ከየት ይምጣ? ቡድኑ ግን መሙላት አለበት፤ ያልሞላ ካድሬ ራሱ በአድርባይነት ይጠረጠራል። ስለዚህ ሁለት ማሳ ያለው ጌታ ሆነ፣ ጎረቤቱ የተቀየመው ጌታ ሆነ፣ ከቤቱ ፊት የጡብ አጥር ያለው ጌታ ሆነ። ይባስ ብሎ ዘመቻው ወደ ፓርቲው ውስጥ ዞረ፤ ፈረንሳይን በየመንደሩ ሲዋጉ የኖሩ የፓርቲው አባላት ሰርጎ ገብ ተብለው ታሰሩ፣ ተገደሉም። የመንደር ሰው በዚያ ወቅት አንድ አባባል ነበረው፦ አንደኛ ቡድኑ፣ ሁለተኛ ሰማዩ። እግዜሩም ከካድሬው በታች ሆነ ማለቱ ነው።

ሌላኛውን ገጽ ብደብቅ ግን ዋሸሁ። ከ800 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ከ2 ሚሊዮን ለሚበልጡ ቤተሰቦች ተከፋፍሏል። በ1954 ወደ ዲየን ቢየን ፉ ተራሮች በጀርባውና በብስክሌት ሩዝና ጥይት ያጓጓዘው ከ200 ሺህ በላይ ገበሬ፣ መሬት ይደርሰኛል የሚል ተስፋ ባይኖረው ኖሮ እንደዚያ ይሄድ ነበር? እርግጠኛ አይደለሁም። እኛም ብንሆን ይህን ነገር ከሩቅ አናየውም። በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ፓርላማ ደጃፍ ላይ «መሬት ለአራሹ» ሲሉ የጮኹት እነ ትሩኦንግ ቺን የጮኹትን ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 አዋጁ ሲወጣ አዲስ አበባ በደስታ አደባባይ ወጥታለች። ደስታው እውነት ነበር። ከደስታው በኋላ የመጣውም እውነት ነው።

ሰሜን ቬትናም ውስጥ የሞተው ስንት ነው? የታሪክ ጸሐፊዎች አልተስማሙም፤ ከብዙ ሺህ እስከ ብዙ አሥር ሺዎች ይላሉ። በ1956 ግን ጉዳዩ መሸፈን ከማይቻልበት ደረሰ። ማዕከላዊ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሳምንታት ተጨቃጨቀ። በኦክቶበር ውጤቱ ወጣ። ትሩኦንግ ቺን ከዋና ጸሐፊነቱ ወረደ። ሦስት ሌሎችም ከፖሊት ቢሮና ከማዕከላዊ ኮሚቴ ወረዱ፣ ወንበሩን ሆ ቺ ሚን ራሳቸው ደርበው ያዙት። ለሕዝብ ስሕተቱን እንዲናገር የተላከው ጂያፕ ነው፤ ያ ከ20 ዓመት በፊት አብሮት የገበሬውን መጽሐፍ የጻፈው። ንጹሐንን አሠቃይተናል፣ አሸባሪ ዘዴ ተጠቅመናል አለ ሃኖይ ላይ ቆሞ። በኖቬምበር ደግሞ በሆ ቺ ሚን የትውልድ ክፍለ ሀገር፣ በንጌ አን፣ ገበሬ አመፀ፤ ወታደር ተላከበት። ስሕተት ማረሚያ የሚባል ዘመቻ ተጀመረ፤ በሕይወት ያሉት ተፈቱ።

እንዲህ የወደቀ ሰው በሌላ አገር ይረሸናል ወይም ይረሳል። ትሩኦንግ ቺን ግን ከፖሊት ቢሮ እንኳ አልወጣም። በ1958 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ከ1960 ጀምሮ ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ የብሔራዊ ሸንጎው አፈ ጉባኤ። ሌ ዱዋን የሚባለው የደቡብ ሰው ዋናውን ወንበር ያዘ። ከአሜሪካ ጋር የተደረገው ጦርነት ያልፋል፣ ሆ ቺ ሚን በ1969 ያልፋሉ፣ የእኛ ሰው መጽሐፉን ይዞ ተቀምጧል፤ የፓርቲው ቀኖና ጠባቂ ተብሎ።

ቀኖናውን የነካበት ሰው ኪም ንጎክ ይባላል።

ኪም ንጎክ የቪን ፉክ ክፍለ ሀገር የፓርቲ ጸሐፊ ነበር። የገበሬ ልጅ፤ ፊደሉ ጥቂት፣ ዓይኑ ግን ብዙ። በመሬት ክፍፍሉ የተገኘችው ማሳ ብዙም ሳትቆይ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበር ተመልሳ ገብታለች። ጠዋት ደወል ይደወላል፣ ገበሬው እየተጎተተ ይወጣል፣ የሥራ ነጥብ ይጻፍለታል፣ ማታ ይገባል። አገሬው አንድ ተረት አለው፦ የጋራ አባት ሲሞት የሚያለቅስለት የለም። ለየቤተሰቡ ግን አምስት በመቶ የምታህል ማሳ ለጓሮ ቀርታለት ነበር። ኪም ንጎክ በማኅበሩ ማሳ ላይ አረም፣ በጓሮው ማሳ ላይ ጥጋብ አየ። በ1966 የክፍለ ሀገሩ ኮሚቴ ወሰነ፦ የማኅበሩ ሥራ ለየቤተሰቡ በውል ይሰጥ። የተባለውን አስገብቶ የተረፈው የራሱ ይሁን።

ምርቱ አደገ። ወሬውም እስከ ሃኖይ ደረሰ። በ1968 መጨረሻ ትሩኦንግ ቺን በክፍለ ሀገሩ ካድሬዎች ፊት ቆሞ ነገሩን በንድፈ ሐሳብ ገነጣጠለው። ይህ ማኅበሩን ማፍረስ ነው፣ ወደ ግል እርሻ መመለስ ነው፣ መስመር መሳት ነው አለ። ጽሑፉም በፓርቲው ጋዜጣ ወጣ። ኪም ንጎክ ግለ ሂስ አደረገ፤ ውሉ ቆመ። አንዳንድ ቦታ ገበሬው በድብቅ ቀጠለ፤ እነሱ በቋንቋቸው የድብቅ ውል ይሉታል። በ12 ዓመት ውስጥ እኮ ነው፤ ገበሬ መሬት ይገባዋል ብሎ ሰው ያስገደለው ሰው ገበሬ መሬቱን ልረስ ቢል ወንጀል ሆነበት! እኔ ይህን ከክፋት አልቆጥረውም። መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ገበሬ ስለሚወድ፣ ማሳው ላይ የቆመውን መስማት አልቻለም።

ከ1975 በኋላ አገሪቱ አንድ ስትሆን ያው ደንብ ወደ ደቡብ ወረደ። ቬትናም ካምቦዲያን ወረረች፣ ቻይና ድንበር ጥሳ ገባች፣ እርዳታ ተቋረጠ። ሃኖይ በኩፖን መኖር ጀመረች፤ ሩዙ በኩፖን፣ ሥጋው በኩፖን፣ ጨርቁ በኩፖን። ሰው ሌሊት ወጥቶ ወረፋ ይይዛል፣ ሲደክመው ስሙን የጻፈበት ጡብ ቦታው ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ፊቱ የጠቆረ ሰው ካዩ «የሩዝ ደብተሩ ጠፋበት» ይሉታል። በሩዝ አገር ሩዝ ጠፍቶ ከውጭ የመጣ ማሽላ ይበሉ ነበር፤ ያውም አንዳንዱ ሳይፈተግ። እኛ ማሽላን ለእንጀራም ለጠላም እናውቅበታለን፤ ለእነሱ ግን እስከ ዛሬ የመከራ ምልክት ነው።

በደቡብ ሰዎች ደንቡን መዝለል ጀመሩ። ባ ቲ የሚሏት ሴት በቀድሞዋ ሳይጎን፣ በሆ ቺ ሚን ከተማ፣ የሩዝ ድርጅት ይዛ ወደ ሜኮንግ ወንዝ ደለል ምድር ወረደች። ዶንግ የአገሩ ገንዘብ ነው፤ መንግሥት ለአንድ ኪሎ 52 ሳንቲም ያህል ይከፍላል፤ እሷ በገበያ ዋጋ በሁለት ዶንግ ተኩል ገዝታ ለከተማው አቀረበች። የከተማዋ የፓርቲ ጸሐፊ ቮ ቫን ኪየት፣ ብትታሰሪ ስንቅ የማመላልስልሽ እኔ ነኝ ብሏታል ይባላል።

ከዚህ በኋላ የእኛን ሰው አንቱ ልበላቸው፤ በ1981 የመንግሥት ምክር ቤት ሊቀ መንበር፣ ማለትም ርእሰ ብሔር ሆነዋል፣ ዕድሜያቸውም 74 ደርሷል።

እንደዚህ ዓይነት ዕድሜ ላይ ሰው ሐሳቡን አይለውጥም፤ በተለይ ቀኖና ጠባቂ። እሳቸው ግን ለወጡ። በአንድ ቀን አይደለም። ወጣት ምሁራን ሰብስበው ጥናት አዘዙ፤ ሪፖርት አላረካቸው ሲል ራሳቸው ወጡ። በጁላይ 1983 ዳ ላት በምትባለው የደጋ ከተማ ለእረፍት በሄዱበት፣ ከኪየት በኋላ የሆ ቺ ሚን ከተማ የፓርቲ ጸሐፊ የሆነው ንጉየን ቫን ሊን የከተማዋን የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች ይዞ መጣ። ሌሎቹ የፓርቲው መሪዎች፣ ፋም ቫን ዶንግና ቮ ቺ ኮንግም አብረው ነበሩ። ሥራ አስኪያጆቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ደንቡ እንዴት እንዳነቃቸው፣ ጥሰውት እንዴት እንደ ተነፈሱ ተናገሩ። ከዚያ ወርደው ፋብሪካዎቹን በዓይናቸው አዩ። ሽማግሌው የሚያዳምጡት ብዕር ይዘው ነበር ይላሉ፤ የሚጽፉ ሰው ናቸውና ይታመናል። በየክፍለ ሀገሩ ዞሩ። ሃኖይ ሲመለሱ በፖሊት ቢሮ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጮኹት እሳቸው ሆኑ፦ ይህ ከመጋዘን የማደል ሥርዓት ይብቃ!

በሴፕቴምበር 1985 ዋጋ፣ ደመወዝና ገንዘብ ባንድ ላይ ተቀየረ፤ አሥር አሮጌ ዶንግ በአንድ አዲስ። ዝግጅቱ ጎዶሎ ነበር፣ ገበያው ፈነዳ። በ1986 የዋጋ ንረቱ ከ700 በመቶ አለፈ። በዚያው ዓመት ጁላይ 10 ሌ ዱዋን ሞተ። በአራተኛው ቀን ማዕከላዊ ኮሚቴው ተሰብስቦ ወንበሩን ለትሩኦንግ ቺን ሰጣቸው። በውርደት ከለቀቁት 30 ዓመታቸው ነው።

አምስት ወር ብቻ ነበራቸው፤ በዲሴምበር ስድስተኛው ጉባኤ አለ። ለጉባኤው የሚቀርበው ሪፖርት ደግሞ አስቀድሞ ተረቋል፤ የለመድነው ዓይነት፣ ድሉ ብዙ፣ ጉድለቱ ትንሽ። እሳቸው እንደገና ይጻፍ አሉ። አዲሱ ረቂቅ እውነቱን ፊት ለፊት እንየው፣ በትክክል እንመዝነው፣ በግልጽ እንናገረው የሚል ነው። ስሕተታችን የአፈጻጸም ብቻ አይደለም፣ የመስመር ነው፣ የቆየ ነው፣ ተጠያቂዎቹም እኛ ከላይ ያለነው ነን ይላል። ዲሴምበር 15 ጉባኤው ተከፈተ፣ ሪፖርቱን ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ዓለም ዶይ ሞይ ብሎ የሚጠራው የቬትናም ተሐድሶ የተወለደው ከዚያ አዳራሽ ነው። አንብበው ሲጨርሱ ከሌሎቹ አንጋፋዎች፣ ከፋም ቫን ዶንግና ከሌ ዱክ ቶ ጋር ሆነው ከፓርቲው አመራር ወጡ፤ ወንበሩ ለንጉየን ቫን ሊን ተላለፈ። የእኛን የመንደር ጉዳይ የሚያውቅ ሰው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ማግስት ገበሬው የአምራቾቹን ማኅበር እንዴት እንደ በተነው ያስታውሳል። እዚያ ለውጡን ከቀኖና ጠባቂዎቹ አንዱ ራሱ ጽፎ አወጣው፤ እዚህ ገበሬው ሳይጠይቅ ወሰነው።

ተጸጽተው ነበር ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በሪፖርቱ ውስጥ «እኛ» ይላል እንጂ «እኔ» አይልም። ንጉየን ቲ ናምም ሆነች ኪም ንጎክ በስማቸው አልተጠሩበትም። የፓርቲ ሰው እስከ መጨረሻው የፓርቲ ሰው ነው። ቢሆንም የተሳሳተውን መጽሐፍ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አንብቦ፣ ራሱ የሰረዘ መሪ ብዙ አላውቅም።

በኤፕሪል 1988 ፖሊት ቢሮው አሥረኛ ውሳኔ የሚባለውን አወጣ፦ ማሳው ለቤተሰብ በረጅም ጊዜ ውል ይሰጥ፣ የተረፈው የገበሬው ይሁን። ኪም ንጎክ በ1966 ካለው ብዙም አይርቅም። በዚያ ዓመት ጸደይ በሰሜን አንዳንድ ክፍለ ሀገሮች ሰው ርቦት ነበር። ትሩኦንግ ቺን ሴፕቴምበር 30 ቀን 1988 ቤታቸው ውስጥ ወድቀው አረፉ፤ 81 ዓመታቸው ነበር። በዓመቱ፣ በ1989፣ ቬትናም 1.4 ሚሊዮን ቶን ያህል ሩዝ ወደ ውጭ ሸጠች። ኪም ንጎክ በ1979 ሞቶ ነበርና ያንንም አላየም፤ መንግሥት የሆ ቺ ሚንን ኒሻን የሰጠው በ2009 ነው።